የምትሰማ እንጂ የማትታይ ወፍ፦ ዘማሪ ወፎችን ከማንሳት እስከ ማረም

ድምጿ እዚሁ ጆሯችሁ ስር ነው። ቁጥቋጦው ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ወፏ ግን የለችም። ካሜራውን ስትደግኑ ዝም፣ ስታወርዱት ዜማ። ትንንሽ ዘማሪ ወፎችን ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል። እኔም ስጀምር ስንትና ስንት ጠዋት ከጥሻ ጥሻ ስከተል አባክኛለሁ፤ ቤት ገብቼ ካርዱን ስከፍት የማገኘው ግማሽ ጅራት፣ የተወዛወዘ ቅጠልና ወፏ ከአንድ ሴኮንድ በፊት የነበረችበት ባዶ ቅርንጫፍ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው መከተሉን ሳቆም ነው። ወፏ ሄዳ አትቀርም፣ ትመለሳለች። የእናንተ ሥራ የምትመለስበትን ቦታ ቀድሞ ማወቅና እዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የካሜራው ቁጥርም ሆነ የኮምፒውተሩ ሥራ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያዜመው ወንዱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከልማድ ግን «ወፏ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ በጆሮ

የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡት። ቀላል አይደለም፣ እጅ ይበላል፤ ግን ሞክሩት። ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አድምጡ፤ ወፏ ከየት ከየት እንደምታዜም በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። በመራቢያ ወቅት ብዙ ዘማሪ ወፎች የራሳቸውን ክልል ይይዛሉ፣ ክልሉ የማን እንደሆነ የሚያውጁትም በዜማ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚወዷቸው ጥቂት መቀመጫዎች አሏቸው፦ ከሌላው ወጣ ያለ ደረቅ ቅርንጫፍ፣ የአጥር ጫፍ፣ የቁጥቋጦ አናት። እነሱን እየዞሩ ያዜሙባቸዋል። ሁለት ጠዋት ካያችሁ ሦስተኛው ላይ «አሁን ወደዚያኛው ትሄዳለች» ማለት ትጀምራላችሁ። ያኔ ሥራው ተገባዷል።

ድምፆቹንም ለዩ። ዜማ ረዘም ያለና ቅርጽ ያለው ነው። አጭር ጥሪ ደግሞ ወፎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። ሦስተኛው ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ የሚመስል፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ሹል ድምፅ ነው፤ እሱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስለ እናንተ ነው። ስትሰሙት ወደኋላ በሉ። የወፏን ስም ካላወቃችሁ የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው መርሊን የተባለው ነፃ መተግበሪያ ድምፅ ሰምቶ ስም ይጠቁማል። ድምፅ የመለየት ችሎታው የተጨመረለት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ግን ያለውን ሁሉ እንደ ወንጌል አትቀበሉ፤ የሌላውን ዜማ የሚኮርጁ ወፎች አሉ፣ ንፋስና የሩቅ መኪናም ያሳስቱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የተቀዳ ዜማ በስልክ አጫውቶ ወፏን መጥራት ይቻላል፣ ይሠራልም። እኔ ግን አላደርገውም። ወፏ የሰማችው ተቀናቃኝ መጥቶ ክልሏን ሊወስድባት እንደሆነ ነው፤ ምግብ መፈለጉን ትታ፣ ጉልበቷን ጨርሳ የሌለ ጠላት ታሳድዳለች። በአንዳንድ ጥብቅ ሥፍራዎችም የተከለከለ ነው። ደግሞ ፎቶው ላይ ያስታውቃል፦ ላባዋ ተጣብቆ፣ አንገቷ ተወጥሮ፣ በድንጋጤ የምትፈልግ ወፍ እንጂ የምታዜም ወፍ አይወጣላችሁም።

ሌላው ደግሞ ጎጆ ነው። በምንቃሯ ትል ይዛ እዚያው እየዘለለች ወደ የትም የማትሄድ ወፍ ካያችሁ፣ እናንተ የቆማችሁት ጎጆዋ አጠገብ ነው ማለት ነው፤ እያያችኋት ልትገባ አልፈለገችም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተራቡ ጫጩቶች እየጠበቁ ነው። ቦታውን ልቀቁላት።

ቦታ መያዝ

መቀመጫዋን አወቃችሁ እንበል። አሁን የምትመርጡት እናንተ የምትቀመጡበትን ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ወፏን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ በመጀመሪያ የማየው ከኋላዋ ያለውን ነው። ከቅርንጫፉ ኋላ ወዲያው ቅጠል ካለ ፎቶው ዝብርቅርቅ ይላል። ከኋላዋ ያለው ነገር በ20 እና በ30 ሜትር ሲርቅ ግን በረጅም ሌንስ ወደ አንድ ለስላሳ ቀለም ይቀልጣል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ብቻ ብዙ ጊዜ ብሩህ የሰማይ ቀዳዳን ከፍሬሙ አውጥቶ ጥቁር አረንጓዴ ይተካበታል። ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ እዚህ በአንድ እርምጃ ጨረሳችሁት።

ለብርሃን ቀላሉ ዘዴ ጥላችሁ ወደ ወፏ እንዲያመለክት አድርጎ መቀመጥ ነው። ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት ማለት ነው። የወፏ ዓይን ውስጥ ያቺ ትንሽ የብርሃን ነጥብ የምትመጣው ከዚህ ነው። ነጥቧ የሌለችበት ዓይን ጥቁር ዶቃ ይመስላል። ደፋር ስትሆኑ ደግሞ ገልብጡት፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ፀሐይዋ ከወፏ ጀርባ፣ ከዚያም ወዲያ ያለው ጥቁር ጥላ ከሆነ፣ ስታዜም ትንፋሿ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል።

ከፍታው ከወፏ ዓይን ጋር ቢስተካከል ጥሩ ነው፤ ከሥር ወደ ላይ የተነሳች ወፍ ሆድ ብቻ ናት። ልብስ የሚያብረቀርቅና የሚንኮሻኮሽ አይሁን። ከግንድ ወይም ከቁጥቋጦ ጋር ተጠግታችሁ የሰውነታችሁን ቅርጽ ስበሩት። መኪና እስከ መንገዱ ዳር የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት ማንሳት ከሁሉም ይቀላል፤ ብዙ ወፎች መኪናን ከሰው ያነሰ ይፈሩታል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ካለ ደግሞ ሌላ መደበቂያ አትፈልጉ። ጥራጥሬ የማይበሉና ከጥሻ የማይወጡ ወፎች እንኳ ለመጠጣትና ለመታጠብ ይወጣሉ።

ሰዓቱ? ጎህ ሲቀድ ዜማው ይደምቃል፣ ብርሃን ግን የለም። ያንን ለማድመጥ ተጠቀሙበት። ፀሐይዋ ወጥታ እስኪሞቅ ያለው ጊዜ ለፎቶ ነው። ደመናማ ቀን ሲሆን አትዘኑ፤ ቅጠል ውስጥ ላለች ወፍ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፣ ጥላው ፊቷን አይቆራርጠውም። እኩለ ቀን ላይ ከጋለ መሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ውድ ሌንስ ጥርት ያለ ምስል አይሰጣችሁም። ሌንሱን ሳትሰድቡ ወደ ቤት ግቡ።

ካሜራው

ሌንሱ 400 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። 300 ብቻ ካላችሁ እና ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሹ ዓይነት ከሆነ፣ የሚይዘው ስፋት በትልቁ ሴንሰር ላይ 450 እንደሚይዘው ነው፤ በቂ ነው። ከገንዘብ ይልቅ ርቀት ላይ ሥሩ። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሱ ወፏ በፍሬሙ ላይ የምትሸፍነው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚሰጥ ሌንስ ዋጋው የት እንደሚደርስ አስቡት።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ካሜራውን ማኑዋል ላይ፣ ማለትም ቁጥሩን እኔ የምወስንበት ላይ፣ አድርጌ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ብቻ አውቶማቲክ አደርገዋለሁ። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ፤ ብዙዎቹ ረጃጅም ዙም ሌንሶች ላይ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ነው። ሹተሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ከ1/1000 ሴኮንድ እጀምራለሁ። ወፏ እየዘለለች ከሆነ ወደ 1/2000፣ ለመብረር ስትዘጋጅ ደግሞ 1/3200 እወጣለሁ። ተረጋግታ ማዜም ከጀመረች፣ ጥቂት ፎቶ በእጄ ከገባ በኋላ፣ ወደ 1/500 እወርዳለሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ከ1/2000 ወደ 1/500 መውረድ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ 6400 የነበረው አይኤስኦ 1600 ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ተጠንቀቁ። የወፍ የድምፅ መሣሪያ እንደ እኛ ጉሮሮ ላይ አይደለም፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ደረት ውስጥ ነው፤ ስታዜም ደረቷም ጅራቷም ይርገበገባል። እግሯ ጥርት ብሎ ጉሮሮዋ የደበዘዘ ፎቶ ከገጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ በዋዜማው ምሽት ሹተሩን 1/160 ላይ ትቼው፣ ጠዋት ሳላየው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኮስኩ። ወፏም እንደዚያ ቀን ቀርባኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን ስከፍት የማየው ቁጥሮቹን ነው፣ ወፏን ቀጥዬ።

ብርሃን መለኪያው ይሞኛል። ጠቆር ያለች ወፍ ብሩህ ሰማይ ፊት ከተቀመጠች ካሜራው ሰማዩን አይቶ ወፏን ያጠቁራታል፤ የብርሃን ማካካሻውን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ጨምሩ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። ነጭ ደረት ያላት ወፍ ጥቁር ጥሻ ፊት ስትሆን ደግሞ በተቃራኒው አንድ ስቶፕ ያህል ቀንሱ። ነጭ ላባ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም። ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል፣ ይሁን። ጄፔግ ብቻ ካነሳችሁ የማረሙ ክፍል ግማሹ አይሠራላችሁም።

ፎከስ ላይ ሰፋ አድርጌ ላውራ፣ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና። አዲሶቹ ካሜራዎች የወፍ ዓይን ፈልገው ይይዛሉ፣ ወፏ ገላጣ ቦታ ከሆነች እመኑት። ጥሻ ውስጥ ስትሆን ግን ካሜራው ከፊቷ ያለውን ጭራሮ ይወዳል። ያኔ ወደ ትንሹ ነጠላ ነጥብ ቀይሩና ነጥቡን በራሳችሁ ዓይኗ ላይ አድርጉ። ፎከሱን ከማንሻው ቁልፍ ለይታችሁ በካሜራው ጀርባ ባለው ቁልፍ ላይ ብታደርጉት ደግሞ፣ አንዴ ከያዛችሁ በኋላ ቅጠል ቢወዛወዝም አይለቅም። ሌንሱ ላይ የርቀት መገደቢያ ማብሪያ ካለ ተጠቀሙበት፤ ካለዚያ ሌንሱ ከቅርብ እስከ ሩቅ እየዞረ ሲፈልግ ወፏ ሄዳለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በትልቁ ሴንሰር፣ በ600 ሚሊ ሜትርና ኤፍ 6.3፣ 8 ሜትር ላይ ያለች ወፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 5 ሜትር ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ክንፏ ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ዓይኗ አመለጠ።

ካሜራውን ስታነሱ ደግሞ ዓይናችሁን ከወፏ ላይ አትንቀሉ። እሷን እያያችሁ ካሜራውን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ወደ ካሜራው አይታችሁ ከዚያ ወፏን መፈለግ ከጀመራችሁ በ600 ሚሊ ሜትር ቅጠል ብቻ ነው የምታዩት። ዙም ከሆነ አስፍታችሁ አግኟትና ከዚያ አቅርቡ። ቤት ውስጥ የበር እጀታ ላይ መለማመድ ይቻላል፣ ሰው ካላየ።

ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ለቅርብ ወፍ ጥሩ ነው፤ ሴንሰሩ ቀስ ብሎ የሚያነብ ካሜራ ላይ ግን የሚንቀሳቀስ ክንፍን ያጣምማል።

መጠበቅና መተኮስ

ወፏ መጣች። አትንቀሳቀሱ። የመጀመሪያውን ዜማ ዝም ብላችሁ ስሙት። ሁለተኛውን ስትጀምር ቦታውን አምናለች ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ካሜራውን በዝግታ አንሱ። አብዛኞቹ ወፎች በዜማ መካከል እረፍት አላቸው፤ ሁለት ሦስቴ ከሰማችሁ ምቱን ትይዙታላችሁ። ምንቃሯ ሊከፈት ሲል ጀምሩና አጭር ተኩስ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ፎቶ፣ ከዚያ አቁሙ። ጣት ተጭኖ መቆየት ካርድ ከመሙላት ውጪ የሚጨምረው የለም፣ ማታ ደግሞ የምትቀጡት እናንተው ናችሁ።

የምፈልገው ፎቶ ምንቃሯ የተከፈተ፣ ጭንቅላቷ ከጎን ወደ እኔ ትንሽ ዞር ያለ፣ ዓይኗ ብርሃን የያዘ ነው። ወደ ወዲያ የዞረች ወፍ፣ ላባዋ ቢያምርም፣ የምትሄድ ሰው ጀርባ ናት።

መቅረብ ካለባችሁ በቀጥታ አትሂዱ። አግድም እንደምታልፉ ሆናችሁ፣ እሷን ትክ ብላችሁ ሳታዩ፣ ጥቂት እርምጃ፣ ከዚያ መቆም። ዜማዋን ካቋረጠች በጣም ቀርባችኋል። እስክትጀምር ጠብቁ። ካልጀመረች ተመለሱ።

ማረም፦ መጀመሪያ መጣል

ካሜራው ላይ አትሰርዙ፣ ትንሿ ስክሪን ትዋሻለች። ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ዓይኗን በ100 ፐርሰንት እዩ። ዓይኑ ካልጠራ ይጣል፤ ምንም ያህል የምትወዱት አፍታ ቢሆን። ከ600 ፎቶ 10 ከቀረ ጥሩ ጠዋት ነበር። እኔ ከቻልኩ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፣ በዕለቱ የለፋሁበትን ፎቶ ሁሉ ቆንጆ ነው የምለውና።

ማረሚያው ላይትሩምም ይሁን፣ ነፃዎቹ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ፣ ቅደም ተከተሉ ብዙ አይለይም። መጀመሪያ ብርሃኑን፦ አጠቃላዩን አስተካክሉ፣ የነጩን ላባ ዝርዝር ለመመለስ ብሩሁን ክፍል ዝቅ፣ የክንፉን ሥር ለማሳየት ጥላውን ትንሽ ከፍ። ትንሽ ነው ያልኩት። ጥላ ሁሉ ሲገለጥ ወፏ ጠፍጣፋ ትሆናለች። ቀጥሎ ቀለሙ። ቅጠል ውስጥ የተነሳች ወፍ ላይ ከዙሪያዋ አረንጓዴ ይፈስባታል፣ በተለይ ሆዷ ላይ። ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ የሚወስደውን መቆጣጠሪያ ጥቂት ስታንቀሳቅሱት ነጩ ነጭ ይሆናል።

ከዚያ ኖይዝ። ያ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ በከፍተኛ አይኤስኦ የማይቀር ነው። የዛሬዎቹ ማጽጃዎች፣ የላይትሩሙም፣ የዲኤክስኦውም፣ የቶፓዙም፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማይታሰብ ሥራ ይሠራሉ። ችግሩ ሰው እስከ መጨረሻ መግፋቱ ነው። ላባው ፕላስቲክ ይሆናል። ግማሽ ገደማ ላይ ጀምሩ፣ ጉንጯ ላይ ያሉትን ደቃቅ ላባዎች እያያችሁ። እነሱ ሲጠፉ አልፋችኋል፣ ተመለሱ። በእንቅስቃሴ የደበዘዘን ዓይን ግን ማንም አያድነውም፤ አድነዋለሁ የሚለው መሣሪያም ያልነበረ ላባ ነው የሚስልላችሁ።

መቁረጥ ላይ ሒሳቡን እወቁት። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ነው። ጎንና ቁመቱን በግማሽ ብትቆርጡ 3000 በ2000፣ ማለትም 6 ሜጋፒክስል ይቀራችኋል። ለስልክ ይተርፋል፣ ለትልቅ ህትመት ግን ያንሳል። ወፏ ከምታይበት አቅጣጫ ክፍት ቦታ ተዉላት፤ ዜማው የሚሄድበት አየር ያስፈልገዋል። ጅራት ጫፉ ላይ አትቁረጡ፦ ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ በግልጽ ቅርብ ፎቶ ይሁን።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ወፏን የሚመርጥ ማስክ (እርማቱ በተመረጠው ክፍል ላይ ብቻ እንዲያርፍ የሚያደርግ ሽፋን) ሥሩና ገልብጡት፣ ዳራው ብቻ ይቀራል። ዳራውን ሩብ ስቶፕ ያህል አጨልሙት፣ የአረንጓዴውን ድምቀት ቀንሱ፣ ጥርት የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ ወደ ታች ሳቡ። ወፏን ሳትነኩ ወፏ ወጣች። ከዚያ ጠርዙን አቅርባችሁ እዩ፤ በእግሯ ጣቶችና በምንቃሯ ዙሪያ ነጭ ክብ ከታየ ማስኩ ተሳስቷል፣ በብሩሽ አስተካክሉት። ለዓይኗ ሌላ ትንሽ ማስክ፣ ጭላንጭል ብርሃን ብቻ። የብርሃን ነጥብ መሳል ግን ውሸት ነው፣ ያስታውቃልም።

ጭራሮ ስለማጥፋት ሰው ይከራከራል። የእኔ መስመር ይህ ነው፦ ዳር ላይ ያለች ደብዛዛ ነጥብን አጠፋለሁ፤ ወፏ የተቀመጠችበትን፣ ፊቷን ያቋረጠውን ወይም ታሪኩን የሚነግረውን አልነካም። ለውድድር የምትልኩ ከሆነ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ብዙ የተፈጥሮ ፎቶ ውድድሮች ማጥፋትም መጨመርም ይከለክላሉ፣ ዋናውን የሮው ፋይልም ይጠይቃሉ።

ማጥራት መጨረሻ ላይ ነው፣ ለወፏ ብቻ። ላይትሩም ውስጥ የማጥራቱን የማስክ መቆጣጠሪያ የአልት ቁልፍን ተጭናችሁ ስትስቡት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ነጭ የሆነው የሚጠራው ነው። ላባና ዓይን ብቻ ነጭ፣ ዳራው ሁሉ ጥቁር እስኪሆን ሳቡት። ዳራን ማጥራት ያን ሁሉ ያጸዳችሁትን ኖይዝ መልሶ መዝራት ነው።

ለኢንተርኔት ስታወጡ ቀለሙ ኤስአርጂቢ (ለስክሪን የተለመደው የቀለም ዓይነት)፣ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል ይበቃል። ካሜራው ወይም ስልኩ የቦታውን የጂፒኤስ መጋጠሚያ መዝግቦ ከሆነ፣ በተለይ ጎጆ አጠገብ ወይም ብርቅ ወፍ ከሆነች፣ ሲወጣ እንዲያጠፋው አድርጉ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ስልክ ልካችሁ፣ ብሩህነቱን መካከለኛ አድርጋችሁ፣ በማግስቱ ክፈቱት። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ዳራው ላይ ወይም ጭራሮ ላይ ከሆነ ተመልሳችሁ አስተካክሉ። ዓይኗ ላይ ካረፈ ተዉት፣ አትነካኩት።